የታጠበ ይርጋጨፌ በቪ60 ሳፈላው ለምን ይኮመጥጥብኛል?

ማኪ_ቲ
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስካሁን ቅይጥ ቡና ነበር ምጠጣው አሁን ወደ ሲንግል ኦሪጅን (ሳይቀየጥ ከአንድ አካባቢ ብቻ የመጣ ቡና) ገብቻለሁ። የያዝኩት የታጠበ (እሸቱ ተፈልፍሎ በውሃ ታጥቦ የደረቀ) ይርጋጨፌ ነው፣ ቀለል ተደርጎ የተቆላ። በቪ60 (የወረቀት ማጣሪያ ሚገባበት ሾጣጣ ማንጠብጠቢያ) ነው ማፈላው 15 ግራም ቡና በ250 ሚሊ ውሃ። ግን ሁሌ ይኮመጥጣል፣ ስስ ነው ደግሞ፣ ፓኬቱ ላይ የአበባ ሽታ ምናምን ይላል እኔ ጋ ግን ምንም የለም። ውሃው ቡናውን እንዳያቃጥለው ብዬ ከፈላ በኋላ በደንብ አቀዘቅዘዋለሁ፣ ካፈሰስኩት ደግሞ 2 ደቂቃ ሳይሞላ ወርዶ ያልቃል። ፍሬው ነው ወይስ አሰራሬ?

ፍሬ_ለቀማ
ፍሬው ምንም አላደረገም ወንድሜ። 2 ደቂቃ ሳይሞላ ካለቀ አፈጫጨትህ ሸካራ ነው፣ ውሃው በመሀሉ ሾልኮ ነው ሚያልፈው። ከቡና ውስጥ ቶሎ ሚወጣው ኮምጣጣው ነው፣ ጣፋጩ ተከትሎ ይመጣል፣ መራራው መጨረሻ ላይ ነው፣ አንተ ገና ኮምጣጣው ላይ እያለህ ነው ውሃው ያለቀብህ። ትንሽ አድቅቀህ ፍጨው፣ ከገበታ ጨው ሸከር ያለ ቢሆን ይበቃል፣ ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ወርዶ ካለቀ ጥሩ ላይ ነህ። አደራ ግራሙንም ውሃውንም ባንዴ እንዳትቀያይር፣ የቱ እንዳስተካከለው ግራ ይገባሃል።

ሰላም_ዜድ
እሱ ያለው ልክ ነው ግን የውሃውን ሙቀት ዘለለው፣ እኔ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ቀለል ብሎ የተቆላ ፍሬ ጠጣር ነው፣ ያውም ይርጋጨፌ ከፍታ ላይ በዝግታ የበሰለ ፍሬ ስለሆነ በቀዘቀዘ ውሃ ቃናውን በቀላሉ አይለቅም። ከ93 እስከ 96 ዲግሪ ይሁን፣ ቴርሞሜትር ከሌለህ ከእሳት እንዳወረድከው አፍስሰው። ውሃ ቀዝቀዝ ማድረግ ሚጠቅመው በጣም ጠቁሮ ለተቆላ ቡና ነው፣ እሱ ቶሎ ይመርራል።

መጀመሪያ ደግሞ 45 ሚሊ ብቻ አፍስስና 40 ሰከንድ ያህል ታገስ። ዱቄቱ ሲነፋና አረፋው ሲፈነዳ ታየዋለህ፣ ሲቆላ ውስጡ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ሚወጣው፣ እሱ ካልወጣ ውሃው ዱቄቱን እኩል አያርሰውም። ከዛ ቀሪውን እየዞርክ በቀስታ። ሲያልቅ ዱቄቱን እየው፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ እኩል ወርዷል ማለት ነው፣ በአንድ ጎን ከተቦረቦረ ግን ውሃው በዛ በኩል ነው ያመለጠው።

ማኪ_ቲ
እግዜር ይስጥልኝ፣ አፈጫጨቱን ብቻ ቀየርኩና ልዩነቱ ራሱ ገረመኝ፣ ኮምጣጣው ለስለስ አለ ሽታውም መጣ። ሙቀቱን ነገ አያለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፣ ያልታጠበ ጉጂም አለኝ እሱንም እንደዚሁ ላፍላው?

ቆላው_በቀስታ
ባይሆን ይሻላል። ያልታጠበው እሸቱ እንዳለ ጀንፈል እስኪሆን የደረቀ ስለሆነ የፍራፍሬ ቃናው ጠንከር ይላል፣ በጣም ስታደቅቀውና በጣም ሞቃት ውሃ ስታፈስበት የቦካ የቦካ ይልብሃል። እኔ ትንሽ ሸከር አድርጌ በ92 ምናምን ዲግሪ ነው ማፈላው። ወፍራም ነገር ከወደድክ ደግሞ ለፍሬንች ፕሬስ (ቡናው ውሃ ውስጥ ቆይቶ በማጣሪያ ወደ ታች ሚጫንበት ማፍያ) አሪፍ ነው፣ ሸካራ ፍጭ፣ 4 ደቂቃ፣ ከዛ ቶሎ ቅዳው እዛው ከተውከው ይመርራል።

የተቆላበትን ቀንም ሳታይ እንዳትጀምረው። ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ትናንት ተቆልቶ ዛሬ ሲፈላ ጋዙ ስላልወጣ ጣእሙ ይደበቃል፣ አንድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይረፍ፣ አየርና ብርሃን ማይገባበት እቃ ውስጥ፣ ሳይፈጭ በፍሬው።

ሰላም_ዜድ
ሳይፈጭ ሚለው ላይ መቶ በመቶ፣ ተፈጭቶ ከተቀመጠ የይርጋጨፌው የአበባ ሽታ ነው መጀመሪያ ሚጠፋው።