የጋራ ሐሳብ ረቂቅ፦ ስለ ጥብቅና ሙያ መጪ ጊዜ ምን ብለን እንጻፍ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ዘጠኝ ነጥብ ደርሷል። ዘጠኝ ነገር የሚጠይቅ ሰነድ ደግሞ ማንም አያነበውም። ሦስት ይበቃናል፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ክፍያ፣ የጀማሪዎች ሥልጠና።

የፍትሐ ብሔር ጠበቃ፦ «ቴክኖሎጂን በጥንቃቄ እንጠቀም» የሚለው ይውጣልኝ። ማንንም አያስገድድም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጠበቆቹ በአንድ አየር መንገድ ላይ በተመሠረተ ክስ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ፍርዶች ጠቅሰው ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቀረቡ። የሚገርመው፣ አንደኛው ጠበቃ ፍርዱ እውነት መሆኑን የጠየቀው ያንኑ ቻትጂፒቲን ነው። እሱም አዎ አለው! መጨረሻው 5,000 ዶላር ቅጣት ሆነ። ስለዚህ እንዲህ እንበል፦ አቤቱታ ላይ የፈረመ ጠበቃ የጠቀሰውን ፍርድ ራሱ ከፍቶ ያነባል። የመዝገብ ቁጥሩን ያያል፣ የጠቀሰው ቃል በቦታው መኖሩን ያያል፣ ፍርዱ በይግባኝ አለመሻሩን ያጣራል።

የንግድ ውል ጠበቃ፦ እስማማለሁ። የደንበኛ ምስጢርም ይግባ። የደንበኛን ውል እንዳለ ነፃ መተግበሪያ ላይ ለጥፎ «አሳጥርልኝ» የሚል ሰው በየቢሮው አለ። ሰነዱ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን የለም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የሥነ ምግባር አስተያየት ቁጥር 512 ጥሩ መነሻ ነው። በሰዓት የሚያስከፍል ጠበቃ መረጃውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማስገባት 15 ደቂቃ ከፈጀበት የሚያስከፍለው የ15 ደቂቃውንና ውጤቱን ለመመርመር ያጠፋውን ጊዜ ነው። ድሮ ይፈጅ የነበረውን ቀን ሙሉ አይደለም።

ጀማሪ ጠበቃ፦ ይቅርታ፣ ሦስተኛው ነጥብ አንድ መስመር ብቻ መሆኑ አልተዋጠልኝም። እናንተ ሥራ የለመዳችሁት ሰነድ በማገላበጥና የመጀመሪያውን ረቂቅ በመጻፍ ነው። አሁን ያ ሥራ ለማሽን ተሰጥቷል። የማሽኑን ስሕተት እንድናርም ይጠበቅብናል፤ ግን ራሱ ጽፎ የማያውቅ ሰው ስሕተቱን በምን ያውቀዋል?

አንጋፋ ጠበቃ፦ ልክ ነሽ ልጄ። እኔ የተማርኩት አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ከሚሰርዘው ነው። «ይህን ከሳሹ አልካደም፤ ለምን ትከራከራለህ?» ብሎ ጎን ላይ ይጽፍልኝ ነበር። ግን የመማሪያውን ሰዓት ማን ይክፈል? ደንበኛ እንደሆነ አይከፍልም።

ጀማሪ ጠበቃ፦ ቢሮው ይክፈላ፣ ጋሼ። ከማሽኑ የሚተርፈው ጊዜ ትርፍ ከሚሆን የተወሰነው ለሥልጠና ይዋል። ጀማሪው መጀመሪያ ራሱ ይጻፍ፣ ከዚያ ከማሽኑ ረቂቅ ጋር ያስተያይ፣ ኃላፊው ሁለቱንም አይቶ ያርም።

የንግድ ውል ጠበቃ፦ ትንንሽ ቢሮዎች ይህን አይችሉም። ለእነሱ የጠበቆች ማኅበራችን አሠልጣኝ ይመድብ።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ፦ እኛን ጭራሽ የማይፈልገውን ሰውስ ረሳነው? የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አነስተኛ ክርክሮችን በኢንተርኔት የሚዳኝ አካል አላት። እዚያ ተከራካሪው በአብዛኛው ያለ ጠበቃ ራሱ ነው የሚቀርበው። ብዙ ሰው የእኛን ክፍያ ስለማይችል ይህ መምጣቱ አይቀርም። «ይከልከል» ብለን ብንጽፍ ለኪሳችን የተሟገትን ነው የሚመስለው።

አስተባባሪ፦ «ይከልከል» አይገባም። በክፍያው ነጥብ ሥር ለቀላል ጉዳዮች አስቀድሞ የታወቀ ቁርጥ ክፍያ እንጠይቅ። ሥልጠናው ወደ አንደኛ ይውጣ። ጀማሪዋና አንጋፋው አብረው ይጻፉት፣ የትንንሽ ቢሮዎቹም ጉዳይ ይካተት። የማጣራቱን ደንብ ከላይ በተጻፈው መልኩ ወስጄዋለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ፤ «አልስማማም» ብቻ ሳይሆን ምትክ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ።