የጎረቤት በርበሬ አቧራ እየለበሰ ነው፣ ምን ይሻላል?

ፎርማን14
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ቀበሌ 14፣ 500 ካሬ ላይ ጂ+2 ጀምረናል፤ ገና መሠረት ላይ ነን። ጥቁር አፈር ስለሆነ ቦታውን ሙሉ በስካቫተር ዝቀን አንድ ጥግ ከመርነው፣ በምትኩ ገረጋንቲ እየሞላን ነው። የሚያዝያን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ሲኖ አንዴ ገብቶ ከወጣ ሰፈሩ አይታይም። ትናንት ጎረቤታችን እትዬ በርበሬ አስጥተው ነበር፣ ከሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሳና ከክምሩ ያነሳውን ሁሉ በርበሬው ላይ ደፋው። መጥተው ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር፤ ሰፌዱን ብቻ አሳይተውኝ ሄዱ።

በቦቴ ውሃ እናስረጫለን፣ ሰዓት ሳይሞላ ደርቆ ያው ነው። ባለቤቱ ደግሞ «ገንዘቤን በውሃ ጨረስከው» ይለኛል። ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። አምና ሌላ ሳይት ላይ ሆኜ የሰኔው የመጀመሪያ ዝናብ ገረጋንቲውን ጠርጎ የመንገዱን ቦይ ደፈነውና ጎርፉ ሰው ቤት ገባ። ዘንድሮ እንዳይደገምብኝ ከአሁኑ ምን ልሥራ?

አፈር_ጠባቂ
ወንድሜ፣ ዛሬ አቧራ የሆነብህ አፈር ነው በሰኔ ጎርፍ ይዞት የሚሄደው። እና መጀመሪያ የምጠይቅህ፣ ለምን ሁሉንም ገፈፍከው? ቤቱ የሚያርፈው ስንት ካሬ ላይ ነው? ቀሪው ላይ ሣሩ ቢተው ኖሮ አቧራውም ጎርፉም በግማሽ ይቀል ነበር። ያለፈው አለፈ፣ ግን የሰርቪስ ቤቱንና የግቢውን ቦታ ገና ካልነካኸው ሥራው እስኪደርስ አትንካው።

ክምሩ ላይ እንምጣ። የት ነው ያለው? እኛ ከተማ ሐይቁ በሰሜን ነው፣ ከሰዓት መሬቱ ሲግል ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል። ክምሩ በሐይቁ በኩል፣ እትዬ ደግሞ ከሱ በስተደቡብ ከሆኑ በርበሬያቸውን አንተ ራስህ ነህ መስመር ላይ ያስቀመጥከው። ቢቻል ጥቁር አፈሩን ከግንቦት በፊት አስወጣው፣ ለጓሮ አትክልት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ካልሆነ በሸራ ሸፍነህ ዳር ዳሩን በድንጋይ አስረው። ሸራ ከሌለ የጤፍ ጭድ በደንብ ጎዝጉዝበትና ላዩን ውሃ አርከፍክፍበት፣ እንደ ምንጣፍ ይይዛል። ገበሬው ጉዝጓዝ የሚለው ይኸው ነው፤ ኮንስትራክሽን ላይ ስንደርስ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

ለዝናቡ ደግሞ ሒሳቡን እይ። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 500 ካሬ ላይ ሲወርድ 10 ሺህ ሊትር ነው። አንድ ቦቴ ግቢህ ውስጥ ተገለበጠ በለው። ከላይ ካለው መንገድ የሚመጣው ሲጨመርማ አስበው። ስለዚህ በላይኛው በኩል ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍር፣ የውጭው ውሃ ሳይትህን ሳይነካ ይለፍ። በታችኛው ጥግ ደግሞ ደለል የሚቀርበት ጉድጓድ አውጣ፣ አፉ ላይ ጠጠር የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ደርድር። ጉድጓዱን ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ማስጠረግ ግን ግድ ነው፤ አንዴ ከሞላ እንደሌለ ቁጠረው። ደግሞ እሱ የሚይዝልህ አሸዋውንና ገረጋንቲውን ነው። የጥቁር አፈር ጭቃ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፣ ከውሃው ጋር ጥሎህ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሸራ ሸራ የምልህ።

ቦቴ_ነጂ
እኔ ከሥራዬ አንጻር ልናገር። እኩለ ቀን ላይ የሚረጭ ውሃ ለፀሐይ ነው የሚከፈለው። ጠዋት የመጀመሪያው መኪና ሳይገባ እርጭ፣ ከዚያ ከሰዓት ነፋሱ ሳይነሳ ድገም። አንዴ ማጥለቅለቅም ስህተት ነው። ለአንድ ካሬ አንድ ሊትር መሬቱን ለማጥቆር ይበቃል፣ ጥቁር አፈር ላይ ከዚያ ካበዛህ ጎማ ጭቃውን ይዞ አስፋልት ይወጣል፣ እዚያ ደርቆ እንደገና አቧራ ይሆንብሃል። ሙሉ ግቢውንም አትርጭ፤ መኪና የሚሄድበትን ብቻ። ሮቶ ግዛና በጎማ ቱቦ ይረጭ፣ እኔን በየቀኑ ከመጥራት ይረክስሃል (እንጀራዬን ራሴ ዘጋሁ 😄)።

መግቢያው ላይ ከመሠረት የተረፈ ድንጋይ ወፍራም ወፍራሙን አንጥፍ፣ የጎማውን ጭቃ ያራግፋል። ሲኖዎቹም ጭነታቸውን ሸፍነው ቀስ ብለው ይግቡ።

ቆርቆሮ_በቆርቆሮ
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? የተቃጠለ ዘይት ከጋራዥ በነፃ ታገኛለህ፣ አንዴ ካፈሰስከው ለወር አቧራ የሚባል የለም።

አፈር_ጠባቂ
@ቆርቆሮ_በቆርቆሮ ኧረ በፈጠረህ! በሰኔ ያ ዘይት የት የሚሄድ ይመስልሃል? ቦዩ መጨረሻው ጣና ወይ አባይ ነው። ጣና ስፋቱ ቢያስደንቅም ጥልቀቱ በአማካይ 10 ሜትር አይሞላም። ደለል ሲገባበት ማዳበሪያም አብሮ ይገባል፣ እምቦጭ ደግሞ እሱን ነው የሚበላው። ያን አረም በእጃችን ስንነቅል ከርመን አሁን ዘይት እንጨምርበት?

የጎረቤት_ወገን
እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ ከአጥር ማዶ የምኖር ነኝ። አቧራ እንደማይቀር እናውቃለን። ግን ማንም የሚነግረን የለም። «ነገ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አፈር ይራገፋል» ብትሉን በርበሬውንም ልብሱንም እናነሳለን፣ መስኮት እንዘጋለን። ሌላ ደግሞ፣ ብሎኬትና ሴራሚክ ስትቆርጡ ውሃ እያፈሰሳችሁ ቁረጡ። ያ ነጭ ብናኝ ከአፈር የከፋ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ከኛ በፊት የሚጎዱት የራሳችሁ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ፎርማን14
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክምሩ እውነትም በሐይቁ በኩል ነው ያለው፣ አንዴም አላሰብኩትም። ሰኞ ግማሹን አስወጣለሁ፣ ለቀሪው ሸራ ይመጣል። ሮቶውን ባለቤቱ እሺ ብሏል፣ የቦቴውን ወጪ አስልቼ ሳሳየው ዝም አለ። ዛሬ ጠዋት እትዬ ቤት ሄጄ ሰዓቱን ነገርኳቸው። «እስቲ እናያለን» አሉኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። በታችኛው በኩል ያለው ቁልቁለት ላይ ሣር ልትከል እንዴ?

አፈር_ጠባቂ
ቬቲቨር ትከል፣ ሥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው። በግማሽ ስንዝር ልዩነት፣ ቁልቁለቱን አቋርጠህ በመስመር። አሁን ግን አይደለም፣ ዝናቡ ሲይዝ። እስከዚያ ጭድ ጎዝጉዝበት።