የእትብት ደም የመከላከያ ሴሎች ጥናት፦ የጋራ ዕቅዱን እናጥብብ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «በእትብት ደም ያሉ የመከላከያ ሴሎችን ማጥናት» ብለን ብናስገባ ገንዘብ የሚሰጠን የለም። አንድ ጥያቄ እንምረጥ።

የደም ሐኪም፣ ከአሜሪካ፦ እኔ የኤንኬ ሴሎችን፣ ማለትም የካንሰርና በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን የሚገድሉትን ነጭ የደም ሴሎች ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ላይ ሐኪሟ ኤሊያን ግሉክማን የፋንኮኒ አኒሚያ (መቅኒን የሚጎዳ የዘር በሽታ) ያለበትን ልጅ በእህቱ የእትብት ደም ካከሙ ወዲህ ይህ ደም የሚደፋ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በ2020 ደግሞ በአሜሪካ የኤምዲ አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች ከእትብት ደም በተገኙ፣ ካር (የካንሰር ሴልን ለይቶ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ተቀባይ) በተጨመረባቸው ኤንኬ ሴሎች 11 የሊምፎማና የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሕሙማንን አክመው 8ቱ ጥሩ ምላሽ ማሳየታቸውን አሳትመዋል።

የላብራቶሪ ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ፦ ዶክተር፣ ሥራው ያስቀናል። ግን ለታማሚ የሚሰጥ ሴል ማምረቻ ከየት እናምጣ? እኛ ጋ ሕፃን እንደተወለደ ቢሲጂ፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ ይከተባል። ለክትባት ምላሽ ከሚሰጡት ሴሎች መካከል በእትብት ደም ያሉት ቲ ሴሎች (ጀርምን ለይተው የሚያውቁ ነጭ የደም ሴሎች) አብዛኞቹ ገና ከጀርም ጋር አልተዋወቁም። ምላሽ የሚያበርዱ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም አሉበት። እናትየዋ የአንጀት ትል ሲኖርባት ይህ ሚዛን ይለወጣል ወይ? ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ላይ ነፍሰ ጡሮች የትል መድኃኒት ወስደው ልጆቻቸው ለክትባት የሚሰጡት ምላሽ ተለክቷል፤ ለውጥ አልታየም። ያንን አንድገም። ሴሎቹን እንይ።

አዋላጅ ነርስ፦ ጥያቄው ደስ ይላል። ግን ሴል ፍለጋ ተብሎ እትብት ቶሎ አይታሰርም፣ በዚህ አልደራደርም! የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ደቂቃ ጠብቁ ይላል። ያ ደም የልጁ ነው፤ ብረት ይሰጠዋል። ከታሰረ በኋላ በእንግዴ ልጁ በኩል የቀረውን ውሰዱ። ፈቃድም ምጥ የያዛትን ሴት ሳይሆን በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ ነው የሚጠየቀው። ደግሞ እንግዴ ልጁን ወስደው የሚቀብሩ ቤተሰቦች አሉ። እንደሚመለስላቸው ቅጹ ላይ ይጻፍ።

የላብራቶሪ ተመራማሪ፦ ሲስተር፣ ልክ ነሽ። ለንቅለ ተከላ አይደለም፤ 15 ሚሊ ሊትር ይበቃናል። የእኔ ራስ ምታት ሌላ ነው። በእትብት ደም ውስጥ ኒውክሊየስ ያላቸው ቀይ ሴሎች ይበዛሉ፤ በፊኮል (የደም ሴሎችን በክብደታቸው የሚለይ ፈሳሽ) ስንለይ ከምንፈልጋቸው ነጭ የደም ሴሎች ጋር ተደባልቀው ይወጣሉ። የእናት ደምም ሊቀላቀል ይችላል። መርፌ ከመግባቱ በፊት እትብቱ በደንብ ይጠረግ።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ አንድ ቀዳዳ አለ። ነፍሰ ጡሮች ከሁለተኛው ሦስት ወር ጀምሮ የትል መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ስትወልድ ብቻ ብንመረምራት ትል የለባትም ብለን እንሳሳታለን። ሰገራው መድኃኒቱ ሳይሰጥ ይታይ። ትል የተገኘባት በጊዜው ትታከም፤ የታከመችበት ቀን ይመዝገብ። ለጥናት ተብሎ ሕክምና አይዘገይም።

የደም ሐኪም፦ ተስማምቻለሁ። ግን ከዚያው ናሙና ኤንኬ ሴሎችን መቁጠር ብዙ አያስወጣም፤ አስገቡልኝ።

አስተባባሪ፦ ይገባል። ሲስተር የፈቃድ ቅጹን፣ ላብራቶሪው የናሙና አያያዙን ይጻፉ። የቀረን የሌሊት ወሊድ ነው፦ ደሙን እስከ ጠዋት ማን ይረከባል? ተረኛ ላብራቶሪ ያለው ሆስፒታል የምታውቁ እዚሁ ጻፉ።