የዕድራችን ቤት፦ ፎቅ ወይስ ታዛ?

አድሚን፦
ሰላም የሰፈር ሰዎች። ላልሰማችሁ ባጭሩ፦ የሰፈራችን ዕድሮች ተጣምረን ደብረ ብርሃን መሀል አስፋልት ዳር ባገኘነው ቦታ ላይ የጋራ ቤት ልንሠራ ነው። ሁለት ንድፍ ቀርቧል። አንደኛው ጂ ፕላስ 3 ነው። ምድሩ ሱቅ፣ መሀሉ የሚከራይ ቢሮ፣ ላይኛው አዳራሽ፣ ከጀርባ ግቢ። ሁለተኛው ዝቅ ያለ ቤት ነው። አዳራሽ፣ ማብሰያ ቤት፣ ግቢና ዙሪያውን ታዛ። ሁለቱም "ሰው የሚገናኝበት ቤት" ነን ይላሉ። እሁድ እጅ ከማውጣታችን በፊት እዚሁ ተከራከሩ። ስድብ ግን የለም።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ፎቁን ነው የምለው። የዕድር መዋጮ ድንኳን ለማስጠገንም አይበቃም፤ መዝገቡ እጄ ላይ ነው። አስፋልት ዳር ያለ መሬት ላይ ሣር ማብቀል ቅንጦት ነው። ሱቁ ይከራያል፣ ኪራዩ ቤቱን ያቆመዋል። ለመገናኛማ ለቅሶ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ከተማችን እያደገች ነው። ፋብሪካው በላይ በላዩ እየተከለ እኛ ጎጆ እንሥራ ነው የምትሉት? ፎቅ ይሁንልን።

የአቦል እናት፦
እኔ የምጠይቀው አንድ ነው። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ወጡን ማን ነው የሚያወጣው? ሊፍት አለው? ዝም አላችሁ። ለሰልስት የሚሠራው ድስት ለሁለት ሰው የሚከብድ ነው። ውሃው በጀሪካን ነው። ወንዶቹ ወንበር ላይ ሆናችሁ "ይምጣልን" ትላላችሁ፤ እኛ ደረጃ ላይ እንቀራለን። ለመሆኑ ማብሰያ ቤቱ በፎቁ ንድፍ ላይ የት ነው? እኔ ፈልጌ አጣሁት።

ገንዘብ ያዥ፦
እትዬ፣ ከጀርባ በቆርቆሮ ይሠራል ተብሏል።

የአቦል እናት፦
ሁልጊዜ ከጀርባ በቆርቆሮ!

ንድፍ አዋቂዋ፦
የሰፈሩ ልጅ ነኝ፣ ያጠናሁት አርክቴክቸር ነው። ዝም ማለት አቃተኝ።

አዳራሽ የሚያገለግለው የተጠራን ሰው ነው። ሳይጠራ የሚገናኝ ሰው ሌላ ጉዳይ ይዞ የሚያልፍ ሰው ነው። ውሃ ሲቀዳ፣ ልጅ ሲያደርስ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ። እነ ሊዮን ፌስቲንገር የሚባሉ የሥነ ልቦና አጥኚዎች አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ላይ አጥንተውት ነበር፤ ጥናቱ በ1950 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ማን ከማን ጋር እንደተወዳጀ ሲጠይቁ የበር ለበር ቅርበት ትልቅ ቦታ ይዞ አገኙት። ደረጃው አፍና የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ የሚኖሩት ብዙ ወዳጅ ነበራቸው። ሰው የግድ በደጃቸው ስለሚያልፍ ነው። ስለዚህ "አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል?" ከማለታችን በፊት "ሰው በአዘቦት ቀን በዚያ ለምን ያልፋል?" እንበል።

ሌላው ፀሐይ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ለእናንተ አልነግርም። ጧት ሰው የት እንደሚቆም ግን ልብ በሉ። ፀሐይ የመታው ግድግዳ ሥር፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ላይ። የሰፈሩ ወሬ፣ የሥራው ጥቆማ፣ የእርቁ ጅማሮ ሁሉ እዚያ ነው። በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። አስፋልቱ ደግሞ ከቦታችን በስተደቡብ ነው። አስፋልቱ ዳር የሚቆም 12 ሜትር ፎቅ ጧት 3 ሰዓት ላይ ከ15 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል፣ ያውም ወደ ግቢው። በዚያ ብርድ ማን ይቀመጥበታል?

ወንበር ካልኩ ደግሞ፣ ተቆልፎበት የሚቀመጥ የፕላስቲክ ወንበር አያስፈልገንም። ግድግዳው ሥር ዙሪያውን በአገራችን ጥቁር ድንጋይ መደብ ይሠራ፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር። ታዛው ከ2 ሜትር ተኩል አይነስ። ያን ጊዜ ሁለት ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው ቢቀመጡ እንኳ ትሪ የያዘች ሴት ሳታደናቅፍ ታልፋለች። ማብሰያ ቤቱ ወደ ግቢው ይከፈት፤ የምትሠራዋም ከጨዋታው አትለይ።

የጠባሴ ልጅ፦
አሜሪካን ለአሜሪካ ተይላቸው እህቴ። እኛ ፖስታ ሳጥን የለን።

ንድፍ አዋቂዋ፦
ቦኖ ውሃ አለን። እሱን ነው ያልኩህ።

አዲስ ተከራይ፦
ይቅርታ፣ በእናንተ ጉዳይ ልግባ። እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ጓሮ ቤት ተከራይቼ። ዕድር የለኝም። የቤቱ ባለቤት እንግዳ አይፈቅድም፤ ካፌ ቁጭ ለማለት ደግሞ በየሰዓቱ ማዘዝ አለብኝ። እንደኔ ያለ በዚህ ከተማ ብዙ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም አለ። ንድፋችሁ ላይ ግንብ አጥርና የዘበኛ ቤት አየሁ። እኔ መደቡ ላይ ብቀመጥ ዘበኛው "ማንን ፈልገህ ነው?" አይለኝም?

የአቦል እናት፦
ልጄ፣ ዕድራችን ክፍት ነው፣ ና ተመዝገብ።

አዲስ ተከራይ፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ግን ለመቀመጥ መመዝገብ አለብኝ?

ገንዘብ ያዥ፦
ሁላችሁም ጥሩ ትናገራላችሁ። ቧንቧው ሲሰበር ግን የምትደውሉት ለእኔ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮሚናል የሚሉትን ህንፃ ሂዱና እዩ። እንጀራ ይጋገርበት፣ ልብስ ይታጠብበት፣ በግ ይታረድበት ተብሎ ነበር የታሰበው። ስንቱ ተከራየ! ለምን? ለጥበቃና ለጽዳት የሚከፍል ስለጠፋ። ገቢ የሌለው የጋራ ቤት መጨረሻው መጋዘን ነው።

ንድፍ አዋቂዋ፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን ለኪራይ ሲባል ከፍታው ለምን አስፋልቱ ላይ ይሆናል? ሱቆቹ አስፋልቱን ይዘው ምድር ላይ ብቻ ይደርደሩ፣ ጣሪያቸው ዝቅ ይበል። የሚከራየው ጂ ፕላስ 1 ወደ ኋላ፣ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ይሂድ። ግቢው መሀል ላይ ፀሐዩን እንደያዘ ይቀራል። አዳራሹም ምድር ላይ ይሆናል። ከሱቆቹ መሀል ግን የአንዱን ስፋት ለመተላለፊያ እንልቀቅ። ከአስፋልት ወደ ኋላ ሰፈር የሚያቋርጥ ሰው ሁሉ በግቢው ይለፍ። አሁን በዚያ በኩል የሚሄደው ዞሮ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ፎቁን ቀነስሽብኝ፣ አሁን ደግሞ ሱቅ ልትወስጂብኝ ነው?

ንድፍ አዋቂዋ፦
መተላለፊያው አፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ሱቆች ሰው በብዛት ስለሚያልፍባቸው የተሻለ ይከራያሉ። ተከራዮቹን ይጠይቁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እጠይቃለሁ። ሌሊት ግን ይዘጋል።

አዲስ ተከራይ፦
እኔ ከሥራ የምወጣው ማታ 4 ሰዓት ነው።

አድሚን፦
እንግዲህ ለእሁድ የቀረን ጥያቄ ሁለት ነው። መተላለፊያው ይኑር ወይስ ይቅር? ከኖረስ በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ቁልፉስ ማን ዘንድ ይሆናል? ጋሼ፣ የኪራዩን ግምት በሁለቱም መንገድ አስልተው ይምጡ። የማብሰያ ቤቱን ቦታ እትዬ ራሳቸው ንድፉ ላይ ያሳዩን። እርሳስ ይዤ እመጣለሁ።