ኬፕታውን ከልጆችና ከእናቴ ጋር፦ ቴብል ማውንቴን ላይ የትኛው መንገድ ይሻለናል?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 5 ከአዲስ አበባ ወደ ኬፕታውን ለመሄድ አስበናል። አምስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ5 ዓመት ሴት ልጃችንና የ66 ዓመት እናቴ። ልጁ እንጦጦን ሳያርፍ ይወጣል። ትንሿ ለጥ ባለ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ እዘሉኝ ነው። እናቴ ደህና ትራመዳለች፣ ደረጃ ስትወርድ ግን ጉልበቷን ያማታል።

ያሰብነው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁላችንም ፕላተክሊፕ በሚባለው መንገድ ቴብል ማውንቴንን በእግር ወጥተን በኬብል ካር (በገመድ ላይ በሚሄደው ካቢን) ለመውረድ ነው። በማግስቱ ላየንስ ሄድ የሚባለው ሌላው ተራራ፣ በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳርቻ። ያስኬዳል? የኬብል ካሩን ትኬት ከአሁኑ ልግዛ? እዚያ በጋ ስለሆነ ወፍራም ልብስ አያስፈልግም ያሉኝም አሉ። ስለ ዘረፋ የሚወራውስ ምን ያህል እውነት ነው?

ዳገት ወዳድ፦

እህቴ፣ ቀኖቹን ከአሁኑ አትሰፍሪያቸው። ኬፕታውን ውስጥ የተራራውን ቀን የሚቆርጠው ንፋስ ነው። እናንተ በምትሄዱበት ወቅት የደቡብ ምሥራቁ ንፋስ ይበረታል፤ የከተማውን አየር ጠርጎ ያጸዳል ብለው ስለሚያምኑ "የኬፕ ሐኪም" ይሉታል። ይዞት የመጣው እርጥብ አየር ተራራው ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ አናቱ ላይ ነጭ ደመና ሆኖ ይነጠፋል። ከታች ላለ ሰው ያምራል። እላይ ላለው ግን ከጥቂት እርምጃ በላይ የማያሳይ ቀዝቃዛ ጉም ነው፤ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ። ኬብል ካሩም የሚቆመው በዚሁ ንፋስ ነው፣ አንዳንዴ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ቀናት።

ስለዚህ ከደረሳችሁ በኋላ የምታገኙትን የመጀመሪያ ጸጥ ያለ ጠዋት ለቴብል ማውንቴን ስጡት፤ ሌላው ፕሮግራም ይገፋ። ትኬቱን በኢንተርኔት ስትገዙ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል አንብቡ። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ደግሞ ክፍት መሆኑን ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ።

ሁለተኛው የፀሐይ ነገር ነው። በደቡቡ የዓለም ክፍል ቀትር ላይ ፀሐይ የምትታየው በሰሜን በኩል ነው፤ ፕላተክሊፕ ደግሞ ፊቱ ወደ ሰሜን የዞረ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ድንጋዩ ይግላል፣ ጥላ የሚገኘው ከላይ ሲጠብ ብቻ ነው። መንገዱ የሚጀምረው ከታችኛው የኬብል ካር ጣቢያ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ አለፍ ብሎ ነው። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በዚያች ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ አብዛኛው ትልልቅ የድንጋይ ደረጃ ነው። ጠንካራ አዋቂ በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፣ ከልጅ ጋር ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ያዙለት። ከፍታው አያሳስባችሁ፤ የተራራው ጫፍ 1,086 ሜትር ነው፣ የአዲስ አበባን ግማሽ አይሞላም። የሚያደክመው ሙቀቱና ደረጃው ነው።

ለሁለት ተከፈሉ ነው የምለው። አባትየውና ልጁ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፕላተክሊፕን ይጀምሩ (ሰዓቱን የምጠራው እንደ ሀገራችን ነው፤ የኬፕታውን ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል)። አንቺ ከእናትሽና ከትንሿ ጋር ጠዋት በኬብል ካር ውጪና እላይ ተገናኙ። ካቢኑ እስከ 65 ሰው ይይዛል፣ ወለሉ እየዞረ በአምስት ደቂቃ ገደማ ያደርሳል። ከላይኛው ጣቢያ አጠገብ የተስተካከሉ አጫጭር መንገዶች አሉ፤ አጭሩ 15 ደቂቃ፣ ረጅሙ 45 ደቂቃ ይወስዳል። እዚያ "ዳሲ" የሚሏቸው እንስሳት የእኛዎቹ ሽኮኮዎች ናቸው። ልጆቹ ይወዷቸዋል፣ ግን ይናከሳሉና ምግብ አትስጧቸው። ጫፉ ላይ መድረስ የፈለገ ማክሊርስ ቢከን ድረስ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ጣቢያው መለከት ካሰማ ንፋስ እየመጣ ነውና ሁሉም ወደ ጣቢያው ይመለስ። "አንድ ፎቶ ብቻ" ያለ ሰው በእግሩ ወራጅ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ልጁና አባቱ ትኬት ቢይዙም ለመውረጃ የሚሆን ጉልበትና ውሃ ማስቀረት ያለባቸው።

ሜዳ ይሻላል፦

ሁላችሁም በኬብል ካር ወጥታችሁ በፕላተክሊፕ በእግር ብትወርዱስ? ድካሙ ይቀንሳል፣ ትኬቱም የአንድ መንገድ ብቻ ይሆናል።

ፊዚዮቴራፒስት፦

ይቅርታ፣ ለዚህ ቤተሰብ ይሄኛው ከሁሉም ይከፋል። ዳገት ልብንና ሳንባን ያደክማል፤ አረፍ ሲሉ ይመለሳል። ቁልቁለት ላይ ግን የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሰውነትን ክብደት የሚይዘው፤ ሲደክም ጫናው ሁሉ ጉልበት ላይ ያርፋል፣ እግርም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የፕላተክሊፕ ደረጃዎች ለአዋቂም ከፍ ያሉ ናቸው። የ5 ዓመት ልጅ እያንዳንዱን ደረጃ ቁጭ ብላ ነው የምትወርደው። ስትደክም አባቷ አዝሏት ጠጠር በተነሰነሰበት ድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ ከታዘለው ልጅ የተነሳ የሚረግጠውን አያይም። አደጋ የሚመጣው በዚህ ነው። እናትሽ ደረጃ መውረድ ካመማቸው ደግሞ በኬብል ካር ወጥተው በኬብል ካር ይውረዱ፣ አለቀ።

ከጉዞው በፊት ስድስት ሳምንት ካላችሁ በሳምንት ሦስት ቀን የሕንፃ ደረጃ ውጡና ውረዱ፣ በተለይ መውረዱን ተለማመዱ። ለእናትሽ ሁለት የተራራ ምርኩዝ ግዢላቸው። ሜዳ ላይ ሲይዙት ክንዳቸው ክርን ላይ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ለቁልቁለት ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ያስረዝሙት። አውሮፕላን ላይ በእጅ ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት።

ጫማ አዲስ አይሁን። ጥፍር ሳይቆረጥ ቁልቁለት መውረድ አውራ ጣትን ያጠቁራል። እግር ውሃ እንዳይቋጥር ተረከዝ መጋል ሲጀምር፣ ገና ሳያብጥ፣ ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ።

ቤልቪል ነዋሪ፦

ስለ ልብሱ፦ በጋ ነው ያሉሽ የከተማውን ነው። አናቱ ላይ በጸጥታው ቀን እንኳ በስድስትና በሰባት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ንፋስ የማያስገባ ጃኬትና አንድ ሹራብ ያዙ። ጋቢ ይሞቃል እንጂ ንፋስ አይመልስም። ውሃ ለአዋቂ ሁለት ሊትር፣ ለልጅ ቢያንስ አንድ ሊትር፤ መንገዱ ላይ ሱቅ የለም፣ ካፌ ያለው እላይ ጣቢያው ጋ ነው። ሰፊ ክፈፍ ያለው ኮፍያ በማሰሪያ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየሁለት ሰዓቱ። ጨው ያለው ቆሎና ሙዝ ከብስኩት ይሻላል።

ላየንስ ሄድ 669 ሜትር ነው፣ መንገዱ ተራራውን እየዞረ ስለሚወጣ ቀላል ይመስላል። ወደ ላይ ሲቃረብ ግን መሰላልና በእጅ የሚያዝ ድንጋይ አለ። ሰንሰለት የተተከለበትን ቦታ በሌላ መንገድ ማለፍ ይቻላል፣ ምልክቱን ተከተሉ። ለልጁ ከአንድ አዋቂ ጋር ይሆናል፤ ለትንሿና ለእናትሽ አይሆንም። ለእነሱ አጠገቡ ያለው ሲግናል ሂል አለ፣ መኪና አናቱ ድረስ ይወጣል። ከእሁድና ከሕዝብ በዓላት በስተቀር ቀን 6 ሰዓት ሲሆን እዚያ መድፍ ይተኮሳል፤ ልጅቷ እንዳትደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሯት።

ለአምስታችሁም በአንድነት የሚሆነው ፓይፕ ትራክ ነው። ከክሉፍ ኔክ ተነስቶ በተራራው ምዕራባዊ ጎን የአትላንቲክን ባሕር ቁልቁል እያያችሁ የምትሄዱበት፣ ለውሃ ቧንቧ ተብሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ መንገድ ነው። መነሻው ላይ ጥቂት የድንጋይ ደረጃዎች አሉት፣ ከዚያ ወዲያ መለስተኛ ከፍና ዝቅ ነው። ተራራው በምሥራቅ ስለሚከልለው ጠዋት ጥላ ነው፣ ከሰዓት ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታል። 12 ሰዓት ተኩል ወይም 1 ሰዓት ላይ ጀምሩና ትንሿ ሳትደክም፣ 45 ደቂቃ ከሄዳችሁ በኋላ ተመለሱ። በግራ በኩል ወደ ተራራው የሚወጡ ሸለቆዎች ታያላችሁ፤ አንዱም ውስጥ አትግቡ፣ የሚያልፍ የሚመስለው አንዳንዱ ገደል ላይ ነው የሚያበቃው። ክረምታችን ላይ ብትሄዱ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልመክርም ነበር፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚህም ክረምት ነው፣ ድንጋዩ በዝናብ ያንሸራትታል።

ዘረፋው እውነት ነው፣ ግን መጠንቀቅ ይቻላል። አራትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ፣ ሰው በሚበዛበት ጠዋት ሂዱ። ልጁና አባቱ ፕላተክሊፕን ሁለት ብቻቸውን ከሚጀምሩ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሁን፣ ከሌላ ቡድን ጋር ተጠግተው ይሂዱ። ወርቅ፣ ፓስፖርትና ብዙ ገንዘብ ማደሪያ ይቅር፣ ስልክ በውስጥ ኪስ ይሁን። መኪና ውስጥ ባዶ ቦርሳም ቢሆን የሚታይ ነገር አትተዉ። ዘራፊ ከመጣ ስጡት እንጂ አትታገሉ። ለአደጋ ከሞባይል 112 ይሠራል፤ የተራራ ነፍስ አድን ቁጥሩ 021 937 0300 ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ስልኩ ላይ መዝግቡት፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። ጉም ከሸፈናችሁ መንገዱ ላይ ቁሙ፣ ጃኬት ልበሱ፣ ደውሉ፤ አቋራጭ አትፈልጉ።

ባሕሩን በተመለከተ፦ ንፋስ ያለበት ቀን ተራራ ስለማይሆን ለባሕር የሚተርፈው እሱ ነው። ክሊፍተን የሚባለው ባሕር ዳርቻ ከደቡብ ምሥራቁ ንፋስ የተከለለ ነው፣ ውሃው ግን ለልጅ አጥንት ይሰብራል። መዋኘት ከሆነ ፎልስ ቤይ በኩል ያለው ሙዘንበርግ ይሞቃል፤ ወደዚያ ንፋሱ ጋብ ባለ ቀን ሂዱ። ታኅሣሥ 24 ገደማ ደግሞ መሀል ከተማው ብዙውን ጊዜ በአዲስ ዓመት ሰልፍ ይዘጋል፣ በዚያ ቀን በመኪና ተራራ ለመድረስ አትሞክሩ።

የሁለት ልጆች እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ቀየርነው። አንድ ነገር ቀረ። እናቴ የገናን ጾም ትጾማለች፣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ውሃም አትቀምስም። ለእሷ የትኛውን ቀን እናድርግ?

ዳገት ወዳድ፦

ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጥር 5 ስድስት ቀን ይተርፋችኋል። ፓይፕ ትራክን ለዚያ አቆዩት፤ በባዶ ሆድና ያለ ውሃ በበጋው ሙቀት መሄድ ለእሳቸው ዕድሜ አይመከርም። ኬብል ካሩ ግን መራመድ ስለማይጠይቅ ጸጥ ያለ ቀን ከተገኘ በጾሙም ይሆናል፤ በጠዋቱ ወጥተው 4 ሰዓት ሳይሞላ ይውረዱ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪማቸውንና ንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

በጾሙ ቀናት ኪርስተንቦሽ የዕፅዋት ማዕከል ይሻላቸዋል። በተራራው ምሥራቃዊ ጎን ስላለ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ትሄዳለች፤ ምሳ በልተው 9 ሰዓት ላይ ቢገቡ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይቆያሉ። እዚያ ከዛፎቹ አናት በላይ የሚያልፍ 130 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ አለ፣ ደረጃ የለውም፣ ትንሽ ይወዛወዛል። ከግቢው ተነስቶ ወደ ተራራው የሚወጣውን ስኬለተን ጎርጅ ግን ተዉት፤ የእንጨት መሰላልና እርጥብ ድንጋይ አለው።

ፊዚዮቴራፒስት፦

ከተራራው በፊት አንድ ሌላ ነገር አለ። ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፣ ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ መከተብ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከፍ ሊል ስለሚችል እናትሽ ከዚህ በፊት ካልተከተቡ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ክትባቱ የማይስማማቸው ከሆነ የሐኪም ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ተከትበው ከነበረ ግን የድሮው ካርድ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ፈልጉት። የልጆቹንም የልደት ምስክር ወረቀት ከካርዶቹ ጋር በእጅ ቦርሳ ውስጥ ያዙት።