«ወየበ» ለብራና ይነገራል?

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት መግለጫ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ አንዱ መጽሐፍ «ብራናው በጊዜ ብዛት እየወየበ መጥቷል» ብዬ ብጽፍ፣ ረቂቁን ያነበቡልኝ መሪጌታ «ወየበ የነጠላና የቀሚስ ግስ ነው፤ ለብራና ጠቆረ በል» አሉኝ። እኔ ግን ገጹን ስመለከተው፣ ሲገለጥ ጣት የሚያርፍበት ጠርዝ ብቻ ጠቁሮ መካከሉ የመነኮሳትን ወይባ ልብስ የመሰለ ብጫማ መልክ ይዟል፤ ቅዱሳት ስሞች የተጻፉበት ቀይ ቀለም ደግሞ ደብዝዟል እንጂ አልወየበም። ለእኔ ወየበ ማለት ነጭ የነበረው ነገር ሳይታወቅ ወደ ብጫነት ማዘንበሉ ነው፤ ደበዘዘ ደግሞ ጉልህ የነበረው መፍዘዙ። (ገረጣን ለሰው ፊት ትቼዋለሁ።)

ወየበ ከጨርቅ ውጭ ለብራና፣ ለወረቀት ወይም ለጥርስ ቢነገር ስሕተት ይሆናል? ደግሞም «እየወየበ መጣ» ስል ለውጡ እስከ ዛሬ እንደ ደረሰ፣ «እየወየበ ሄደ» ስል ግን ገና እየባሰበት እንደሚቀጥል ይሰማኛል፤ ይህ ልዩነት በእናንተም ጆሮ አለ ወይስ የእኔ ስሜት ብቻ ነው? ከየአካባቢያችሁ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ብትጽፉልኝ፣ መግለጫውን ከማስረከቤ በፊት አርመዋለሁ።