ከላፕቶፕ ወደ ኦፕንደብሊውአርቲ ራውተር ፋይል አልሄድ አለኝ

ኬብል በእጄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኦፕንደብሊውአርቲ (ለራውተር የተሠራ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የጫንኩበት ራውተር አለኝ። በኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼዋለሁ። በኤስኤስኤች (ሌላ ዕቃ ውስጥ ገብቶ በትእዛዝ ማሠሪያ) 192.168.1.1 ላይ ስገባ ምንም ችግር የለም፣ ፓስዎርዱን ይቀበላል፣ ያዘዝኩትን ይሠራል። አዲሱን ፈርምዌር (የራውተሩን ዋና ሶፍትዌር) በኤስሲፒ፣ በኤስኤስኤች በኩል ፋይል በሚልከው ትእዛዝ፣ ልልክለት ስል ግን «ኤስኤፍቲፒ ሰርቨር አልተገኘም» የሚል ነገር ጽፎ ያቋርጠኛል። የገረመኝ፣ በድሮው ላፕቶፔ በዚሁ ትእዛዝ ስንት ጊዜ ልኬያለሁ! ራውተሩ ላይ የነካሁት የለም፤ አዲስ ነገር ቢኖር ላፕቶፑ ነው፣ ኡቡንቱ 24.04። የራውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ወደ እኔ ማምጣትም አልቻልኩም። ምን ይሻለኛል?

ሽቦ ቀጣይ፦
እህቴ፣ ራውተርሽ ደህና ነው። የተቀየረው ላፕቶፑ ነው፣ አንቺም ጠርጥረሻል። ላፕቶፕሽ ላይ ያለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች ከ9.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ፣ ኤስሲፒ ብለሽ ስታዢው ውስጥ ውስጡን የሚሠራው በኤስኤፍቲፒ፣ በሌላ የፋይል መላኪያ ፕሮቶኮል ነው። የድሮውን ፕሮቶኮል ካላዘዝሽው አይነካውም። ራውተሩ ላይ ያለው ድሮፕቤር የሚባል የኤስኤስኤች ሰርቨር ደግሞ ለትንንሽ ዕቃ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ የራሱ የኤስኤፍቲፒ ሰርቨር የለውም። ስለዚህ አንዱ በማይገባው ቋንቋ ሌላው ያናግረዋል።
መፍትሔው አንዲት ፊደል ናት። ኤስሲፒ ከሚለው ቀጥለሽ ሰረዝና ካፒታል ኦ ጻፊ። ዜሮ እንዳይሆን፣ ትንሿ ኦም ሌላ ሥራ አላት። ሌላውን እንደ በፊቱ ተይው። ባክአፑንም ስታመጪ እንደዚያው።

የማታ ፈረቃ፦
ትክክል ነው። ዊንዶውስ ላይ ሆኖ ዊንኤስሲፒ የሚባለውን የፋይል መላኪያ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ካለ፣ ሲገናኝ ኤስኤፍቲፒ የሚለውን ወደ ኤስሲፒ ይቀይረው፣ ያልቃል። ራውተሩ ላይ የኤስኤፍቲፒ ሰርቨር ፓኬጅ መጫንም ይቻላል፤ ፍላሹ (ቋሚ ማስቀመጫው) 8 ሜጋባይት ብቻ ለሆነ ራውተር ግን እኔ አልመክርም፣ ቦታው ለሌላ ይፈለጋል።
ኤስሲፒ ጭራሽ የሌለው ዕቃ ቢገጥማችሁስ? ኤስኤስኤች ካለ በቂ ነው። ፋይሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ ካት በሚባለው አንባቢ ትእዛዝ ከፍታችሁ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) ወደ ኤስኤስኤች ታሳልፉታላችሁ፣ ወዲያ ማዶ ሌላ ካት ተቀብሎ ፋይል ላይ ይጽፈዋል። ከአንድ በላይ ፋይል ከሆነ በካት ፋንታ ታር፣ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚጠቀልለው ትእዛዝ። እኔ በዚህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ከጭንቅ ወጥቻለሁ።

አንቴና፦
እኔ የምፈራው ከላክሽው በኋላ ያለውን ነው። ፈርምዌሩን ቲኤምፒ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪው። ቲኤምፒ ያለው ራም ላይ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተሽ የቀረውን ሜሞሪ እዪ። ባክአፑንም እዚያው ከፈጠርሽው ራውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ አብሮ ይጠፋል፣ ፈርምዌሩን ከመጫንሽ በፊት ወደ ላፕቶፕሽ አውጪው፣ እባክሽ።
ፋይሉ ከደረሰ በኋላ ራውተሩ ላይ ሻ256ሰም (የፋይሉን መለያ ቁጥር የሚያወጣ ትእዛዝ) አሠሪና ቁጥሩን ካወረድሽበት ገጽ ጋር አስተያዪ። አንድ ፊደል ከተለየ አትጫኚው፣ ድገሚና ላኪ።
ከሁሉም በላይ መብራት! ፍላሹ እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ራውተሩ ላይነሳ ይችላል። እኔ አንዱን እንደዚያ አጥቼዋለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ዩፒኤስ ካለሽ ራውተሩን እዚያ ላይ ሰኪው። ካልሆነም መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰዓት አትጀምሪ።

ሽቦ ቀጣይ፦
አንቴና ያለው እውነት ነው። ቢከፋ ቢከፋ ግን ቡትሎደሩ (ራውተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) ካልተነካ ተስፋ አለ። ብዙ ራውተሮች ሪሴት ተጭነሽ ስታስነሻቸው በቲኤፍቲፒ (ቀለል ባለ የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል) ፋይል ይፈልጋሉ። ለምሳሌ አንዳንድ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች 192.168.0.66 ላይ ያለ ኮምፒውተር ነው የሚጠይቁት። ያኔ ሰርቨሩ ላፕቶፕሽ ይሆናል፣ ራውተሩ ደግሞ ይጎትታል። የፋይሉ ስም እንደ ሞዴሉ ይለያያል፣ ከመጀመርሽ በፊት የራስሽን አጣርተሽ ያዢ።

ኬብል በእጄ፦
በካፒታል ኦ ሄደልኝ! ተባረኩ። ባክአፑ ላፕቶፔ ላይ ነው፣ ፈርምዌሩም ቲኤምፒ ውስጥ ደርሷል፣ ቁጥሩ ገጥሟል። ሠፈራችን አመሻሽ ላይ መብራት ስለማያስተማምን ዩፒኤስ እስክዋስ አልጫንኩትም። ሪስታርት ከተደረገ ፋይሉን እንደገና እልካለሁ።